ሌቨር አክሽን የአደን ጠመንጃ ልትገዙ ነው? ከስሙ በፊት የተሰራበትን ዓመት እዩ

እዚህ አሜሪካ አደን የጀመራችሁ፣ ወይ ደግሞ ዘንድሮስ አይቀርልኝም ብላችሁ የሀንተር ሴፍቲ ኮርሱን የጨረሳችሁ ሰዎች ደጋግማችሁ የምትጠይቁት ነገር አለ። ያቺ ከምላጯ ስር የብረት ቀለበት ያላት፣ ቀለበቷን ወደ ታች ገፋ አድርገው ወደ ላይ ሲመልሱት የምትቀባበለዋ ጠመንጃ የትኛዋ ትሻላለች? ሌቨር አክሽን ማለታችሁ ነው። ቀጠን ያለች፣ ጎኗ ላይ የሚወጣ እጀታ የሌላት፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ስትገቡ የማታስቸግር፣ ለዓይንም የምታምር ስለሆነች ብትወዷት አልፈርድም።

ችግሩ የሚመጣው ሱቅ ስትገቡ ነው። "ዊንቸስተር 94 አለ?" ስትሉ ሻጩ የሚያወጣላችሁ የ1950ዎቹ ሊሆን ይችላል፣ የ1970ዎቹም ሊሆን ይችላል፣ ጃፓን የተሰራ የቅርብ ጊዜም ሊሆን ይችላል፣ ሶስቱም ላይ የተቀረጸው ስም አንድ ነው ጠመንጃው ግን አንድ አይደለም። ማርሊንም እንደዛው፣ የ1978ቱና የ2012ቱ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ለጀማሪ ዓይን ይመሳሰላሉ፣ ያየ ሰው ግን አንዱን ሌላው በተሸጠበት ዋጋ አይነካውም። ስለዚህ "ማርሊን ይሻላል ወይስ ዊንቸስተር" ብሎ መከራከር ብዙም አያዋጣም፣ የትኛው ዓመት፣ የትኛው ፋብሪካ የሚለው ነው ገንዘባችሁን የሚያድነው። እሱ ላይ ከመድረሳችን በፊት ግን ሁለት የሚቀድሙ ነገሮች አሉ።

ደረጃ 1፦ ግዛታችሁ ምን ይፈቅዳል?

የግዛታችሁን የአደን ደንብ ቡክሌት አውርዱና የዲር ክፍሉን አንብቡ (ዲር የምለው ያው ጭራው ስሩ ነጭ የሆነውን የዚህን ሀገር አጋዘን ነው)። ብዙ ሰው ይሄን ዘሎ ነው ቀጥታ ዩቲዩብ ላይ የሚወድቀው።

ኮሎምበስ ያላችሁ በተለይ ልብ በሉ፣ ኦሃዮ ከ2014 ጀምሮ ለዲር ራይፍል ፈቅዳለች ግን ቀለሁ ከታች እስከ ላይ ቀጥ ያለ ጥይት ለሚተኩሱት ብቻ ነው፣ ካሊበሩም (የአረሩ ውፍረት) ከ357 እስከ 50 ባለው ውስጥ። 30-30 የሚባለው የሌቨር አክሽን ዋናው ጥይት ደግሞ ቀለሁ አንገቱ ላይ ጠበብ ስለሚል ኦሃዮ ውስጥ ለዲር አይሆንም። ስለዚህ ኦሃዮ ላይ የምትኖሩ ሰዎች ስለ 30-30 የሚወራውን ምክር ሁሉ ወደ ጎን ትታችሁ 357 ማግነም፣ 44 ማግነም ወይ 45-70 የሚተኩሱትን ነው ማየት ያለባችሁ። ደቡብ ሚሺጋን ደግሞ ቀጥ ያለ ቀለህ ይፈቀድና ርዝመቱ ከ1.16 እስከ 1.80 ኢንች መሆን አለበት ይላል፣ የ45-70 ቀለህ ከ2 ኢንች በላይ ስለሆነ እዛ ይወድቃል፣ ኦሃዮ የሚያድነው ዘመዳችሁ "በጣም አሪፍ ነው" ያላችሁን ይዛችሁ ሚሺጋን ብትሄዱ ጉድ ነው።

ኮሎራዶ፣ ዴንቨርና አውሮራ አካባቢ ያላችሁ፣ ለትልልቅ አውሬ ጥይቱ 100 ያርድ ላይ 1000 ፉት ፓውንድ ጉልበት ሊኖረው ይገባል፣ 30-30 በደንብ ያልፋል፣ የተለመደው 357 ማግነም አያልፍም። ቨርጂኒያ ለዲር ከ23 ካሊበር በታች አትፈቅድም፣ ከዛ በላይ ደግሞ ካውንቲው ይለያያል፣ ራይፍል ጭራሽ የማይፈቀድባቸው ካውንቲዎች አሉ። ፔንሲልቬንያ ለትልቅ አውሬ ሰሚ ኦቶማቲክ ራይፍል ስለማትፈቅድ ሌቨር አክሽን እዛ ቤቱ ነው። ደንቡ በየዓመቱ ሊነካካ ይችላል፣ የዘንድሮውን ቡክሌት እንጂ ጓደኛችሁ የነገራችሁን አትያዙ።

ደረጃ 2፦ ከምን ያህል ርቀት ነው የምትተኩሱት?

ለዚህ ሐቀኛ ሁኑ። ጫካ ውስጥ ዛፍ ስር ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ያርድ በላይ አያይም፣ ገላጣ ሜዳ ወይ ተራራ ላይ የሚያድን ደግሞ ሌላ ነው።

30-30 ለዊንቸስተር 94 ተብሎ በ1895 የወጣ ጥይት ነው። አረሩ 150 ግሬን (የአረር ክብደት መለኪያ ነው) የሆነው ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 2390 ጫማ አካባቢ ይሄዳል፣ ትከሻ ላይ የሚሰጠው ምትም አይከብድም። 100 ያርድ ላይ አስተካክላችሁት 200 ላይ ብትተኩሱ ወደ 8 ኢንች ይወርዳል፣ 308 የሚባለው ጥይት ቢሆን ግማሹን ያህል ነው የሚወርደው። ስለዚህ 30-30ን እስከ 150 ያርድ በሰላም፣ እስከ 200 ድረስ ደግሞ ለተለማመደ ሰው ብላችሁ ያዙት።

ለምን እንዲህ ይወርዳል ብትሉ አንዱ ምክንያት የአረሩ ቅርጽ ነው። አብዛኞቹ ሌቨር አክሽኖች ጥይት የሚይዙት ከባረሉ ስር ባለ ቱቦ ውስጥ ነው፣ ጥይቶቹ በሰልፍ የአንዱ አፍንጫ የሌላውን ቂጥ ነክቶ ይተኛሉ። የፊተኛው ጥይት ቂጥ ላይ ያለችው ካፕሱል ነች የምትፈነዳው፣ ሹል አፍንጫ ያለው ጥይት ከኋላዋ ካስቀመጣችሁ ጠመንጃው ምት ሲሰጥ ወግቷት እዛው ቱቦ ውስጥ ሊያፈነዳት ይችላል። ለዛ ነው አፍንጫቸው ደፈጥ ያለ የሆነው፣ ደፈጥ ያለ ነገር ደግሞ አየሩን በደንብ አይቀድም። ሆርናዲ የሚባለው ፋብሪካ አፍንጫው እንደ ጎማ የሚለጠጥ ሹል ጥይት አውጥቶ ነገሩን ትንሽ አሻሽሎታል፣ ሌቨሬቮሉሽን የሚሉት ነው፣ ቱቦ ውስጥ ሹል ማስገባት የሚቻለው እንዲህ ለቱቦ ተብሎ የተሰራ ሲሆን ብቻ ነው። ተራ ሹል ጥይት ርካሽ ስላገኛችሁ ብቻ ቱቦ ውስጥ እንዳታጎርሱ።

45-70 የ1873 የአሜሪካ ጦር ጥይት ነው፣ ትልቅ፣ ከባድ፣ ቅርብ ላይ የማይምር። ግን ቀለል ባለ ጠመንጃ ላይ ትከሻ ይቀጠቅጣል፣ ዋጋውም ከ30-30 ከበድ ይላል። ደግሞ አንድ ስም ይዞ ሶስት ዓይነት ጉልበት አለው፣ ለጥንቶቹ ለስላሳው፣ ለአሁኖቹ ማርሊን አይነቶች ጠንከር ያለው፣ ከዛም በላይ ለጥቂት ጠንካራ ጠመንጃዎች ብቻ የሚሆነው። ካርቶኑ ላይ "ለዘመናዊ ጠመንጃ ብቻ" አይነት ማስጠንቀቂያ ካለ የ1880ዎቹ መሳሪያ ውስጥ አይገባም።

44 ማግነም ለቅርብ ጫካ፣ እስከ 100 ያርድ፣ በጣም ደስ የሚል ነው። 35 ሬሚንግተን ጎበዝ ጥይት ነው ግን ሱቅ ውስጥ ማግኘቱ ራሱ አደን ነው። በ2020 እና 21 ጥይት ከመደርደሪያ ጠፍቶ በነበረበት ጊዜ 30-30 ራሱ ብርቅ ሆኖ ነበር፣ ብርቅዬ ካሊበር የያዘው ሰው ደግሞ ጠመንጃውን እያየ ነው የከረመው። ጠመንጃው አማረኝ ብላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ጥይቱ አጠገባችሁ ባለ ሱቅ መኖሩን እዩ።

ደረጃ 3፦ ቤተሰቦቹን ለዩ

*ዊንቸስተር 94።* የነደፈው ጆን ብራውኒንግ ነው፣ ከ7 ሚሊዮን በላይ ተሰርቷል። ክብደቱ 6 ፓውንድ ተኩል አካባቢ ነው፣ ሪሲቨሩ (ጥይቱ የሚቀባበልበት የጠመንጃው መሃል አካል) ስስና ጠፍጣፋ ስለሆነ መሃሉን በአንድ እጅ ጨብጣችሁ ቀኑን ሙሉ ብትሄዱ አይሰማችሁም፣ ለመሸከም ከዚህ የሚመች አላውቅም። አሁን ዓመቶቹ። እስከ 1963 የተሰሩት ሰብሳቢዎች የሚሻሙባቸው ናቸው፣ ውስጣቸው ያለው ብረት በደንብ ተፈልፍሎ የተሰራ ነው። በ1964 ፋብሪካው ወጪ ቀንስ ተባለና አንዳንድ የውስጥ ክፍሎች ከተጠፈጠፈ ቆርቆሮ መሰል ብረት ሆኑ፣ የሪሲቨሩም ብረት ተቀይሮ ቀለም በደንብ አልይዝ አለ፣ የዛን ጊዜዎቹን ስታዩ ሪሲቨሩ ከባረሉ የተለየ ቀለም ይዞ ወይ ተላልጦ ታገኙታላችሁ። አይተኩሱም ማለት አይደለም፣ ብዙ ዲር ጥለዋል፣ ግን የ1950ዎቹን ዋጋ አይከፈልባቸውም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቀለሁ ቀጥታ ወደ ላይ መውጣቱ ቀርቶ ወደ ጎን እንዲወረወር ተደረገ፣ ይሄ ስኮፕ (የሚያጎላ መነጽር ያለው ማነጣጠሪያ) መግጠም ለሚፈልግ ሰው ትልቅ ነገር ነው። በ1992 ሪሲቨሩ ላይ አቋርጦ የሚገፋ የሴፍቲ ቁልፍ ጨመሩበት፣ ለዓይን የሚቀፍ ነገር ነው፣ በ2003 ወደ ኋላ አውራ ጣት ስር አዛወሩት። ኒው ሄቨን ኮነቲከት ያለው ፋብሪካ በ2006 ተዘጋ፣ ከ2010 ወዲህ ያሉት ጃፓን ሚሮኩ ፋብሪካ የሚሰሩ ናቸው። ጃፓን ሲባል ፊታችሁን አታጨማዱ፣ የብረትና የእንጨት ግጥሙን ካያችሁ ከብዙዎቹ የኒው ሄቨን ስራዎች የጠራ ነው፣ ዋጋውም ያንን ያውቃል። ለአደን ብቻ ለሚገዛ ሰው የኔ ምርጫ ከ1983 እስከ 1991 ያሉት፣ ወደ ጎን የሚወረውሩትና ያ የሴፍቲ ቁልፍ ገና ያልገባባቸው ናቸው። ሰብሳቢ ብዙም አይሻማባቸውም፣ ስኮፕ ይቀበላሉ።

*ማርሊን 336።* በ1948 ወጣ። 7 ፓውንድና ከዛ ትንሽ በላይ ነው፣ ከዊንቸስተር ይከብዳል፣ ግን የሪሲቨሩ ጣራ ድፍን ነው፣ ቀለሁን በጎን ነው የሚተፋው፣ ስለዚህ ስኮፕ መሃል ላይ ቁጭ ይላል። ሌላው እኔን የሚማርከኝ ነገር ጽዳቱ ነው፣ ሌቨሩ ላይ ያለችውን አንዲት ብሎን በካቻቪቴ ትፈታላችሁ፣ ሌቨሩ ይወጣል፣ ቦልቱ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ ባረሉን ከኋላ በኩል ትወለውሉታላችሁ። ዊንቸስተር 94ን ከኋላ ማጽዳት ብዙ መፈታታት ስለሚጠይቅ ሰው በአፈሙዙ በኩል ዘንግ ሲያስገባ ዓመታት ይኖራል፣ ይሄ የአፈሙዙን ጫፍ እየፋቀ ኢላማውን ያበላሻል።

የማርሊን ታሪክ ሶስት ምዕራፍ አለው። የድሮዎቹ ኮነቲከት የተሰሩት ባረሉ ላይ፣ ሪሲቨሩ አጠገብ፣ ጄ እና ኤም የሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደሎች ያሉበት ትንሽ ማህተም አላቸው፣ ጆን ማርሊን ለማለት ነው፣ ተፈላጊዎቹ እነዚህ ናቸው። ሬሚንግተን ኩባንያውን በ2007 መጨረሻ ገዛው፣ ከ2010 ጀምሮ ስራውን ወደ ኢሊየን ኒው ዮርክ አዛወረው፣ የድሮዎቹ ሰራተኞች አብረው አልሄዱም። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውጤት ያልተገጠመ እንጨት፣ ወደ ጎን የዘመመ ማነጣጠሪያ፣ ጥይት የሚያንቅ ሪሲቨር ሆነ። ወደ መጨረሻው ተሻሽሏል፣ ስሙ ግን አልተሻሻለም። ሬሚንግተን በ2020 ሲከስር ሩገር ገዛው፣ ሜዮደን ኖርዝ ካሮላይና ላይ እንደገና ጀመረ፣ በ2021 መጨረሻ 45-70 የሚተኩሰው 1895 የሚባለው ሞዴል ወጣ፣ 336 በ2023 ተመለሰ። የሩገሮቹ በደንብ የተሰሩ ናቸው። መለያው የሲሪያል ቁጥሩ ነው፣ ኤም አር ብሎ የሚጀምረው የሬሚንግተን፣ አር ኤም ብሎ የሚጀምረው የሩገር፣ ፊደሎቹ ስለተገለባበጡ ብቻ ዋጋው ይለያያልና ሁለቴ አንብቡ። ከ1973 በኋላ ለተሰሩት የድሮዎቹ ደግሞ ቀላል ዘዴ አለ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቁጥሮች ከ100 ቀንሱ፣ 22 ብሎ የሚጀምር ከሆነ 78 ይመጣል፣ 1978 ማለት ነው።

*ሳቬጅ 99።* ይሄ ለየት ያለ ፍጥረት ነው። ከ1899 አንስቶ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ተሰርቷል፣ ከውጪ የሚታይ ሀመር የለውም፣ ቱቦም የለውም። አብዛኞቹ ጥይቱን የሚይዙት ሪሲቨሩ ውስጥ በሚሽከረከር መያዣ ነው፣ አምስት ይይዛል፣ ጥይቶቹ አይነካኩም፣ ስለዚህ ሹል አረር ያለ ስጋት ይተኩሳል። በብዙዎቹ ላይ በግራ በኩል ትንሽ መስኮት አለች፣ ስንት ጥይት እንደቀረ ቁጥር ታሳያችኋለች። ለአደን የምትገዙ ከሆነ 308 ወይ 243 የሚተኩሰውን ፈልጉ፣ 300 ሳቬጅ ከተገኘ አይናቅም። 303 ሳቬጅ የሚለውን ግን ተጠንቀቁ፣ ጥይቱ ብርቅ ነው፣ የእንግሊዙ 303 ደግሞ ሌላ ጥይት ነው አይገባበትም። እንጨቱንም ከሪሲቨሩ ኋላ ላይ በባትሪ እዩት፣ 99 እዛ ጋ መሰንጠቅ ይወዳል።

*ብራውኒንግ ቢ ኤል አር።* ሌቨር የወደደ ግን 300 ያርድ መተኮስ የሚፈልግ ሰው ጠመንጃ ነው። የሚወልቅ ካዝና አለው፣ ቦልቱ ፊት ለፊት እየተሽከረከረ ይቆልፋል፣ 308፣ 270፣ 30-06 ሁሉ አለ። ሌቨሩ በጥርስ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ ለዛም ነው ራሳችሁ አትፍቱት የሚባለው፣ ጥርሶቹ አንድ ከዘለሉ ባለሙያ ጋ ነው የምትሄዱት። ክላሲክ ነው ወይ ካላችሁኝ መልኩ አይደለም፣ ስራው ግን ከሁሉም ይበልጣል።

*ሄንሪ።* የዛሬው ሄንሪ ከ1860ው ሄንሪ ጋር ስሙ ብቻ ነው የሚያገናኘው፣ ኩባንያው በ1996 ብሩክሊን የተመሰረተ ነው። ሌቨራቸው ቅቤ ነው። ቢጫ የናስ ሪሲቨር ያላቸው ከ8 ፓውንድ በላይ ስለሚሆኑ ፎቶ ላይ ያምራሉ፣ ዳገት ላይ ግን ብረት የሆነውን ብትይዙ ይሻላል። የቀድሞዎቹ ጥይት የሚጎርሱት ከፊት ከቱቦው ብቻ ነበር፣ የቅርቦቹ በጎንም ይጎርሳሉ። ያ የፊት ቱቦ ግን አንድ ጥቅም አለው፣ ጥይቱን ለማውጣት ዊንቸስተርና ማርሊን ላይ እያንዳንዱን በሪሲቨሩ በኩል እያቀባበላችሁ ማስወጣት አለባችሁ፣ ሄንሪ ላይ የውስጡን ቱቦ ስባችሁ ታፈሱታላችሁ። የመኪናው ኋላ ጋ ቆሞ በቀዘቀዘ ጣት ለሚያራግፍ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ደረጃ 4፦ ዓይናችሁስ?

ዕድሜያችሁ ከ45 ካለፈ የድሮው የብረት ማነጣጠሪያ የኋላው ጉድጓድ ይደበዝዝባችኋል፣ ይሄ የጠመንጃው ጥፋት አይደለም። ወይ ፒፕ ሳይት የሚሉትን ባለ ቀዳዳ ማነጣጠሪያ ከኋላ ግጠሙ፣ ወይ ዝቅተኛ ስኮፕ፣ ከ1 እስከ 4 የሚያጎላ ይበቃል። ወደ ላይ የሚተፋ የድሮ ዊንቸስተር ከሆነ ስኮፕ መሃል ላይ አይሆንም፣ ሪሲቨሩ ማነጣጠሪያ ለመግጠም ተበስቶ ከተገኘ ደግሞ የሰብሳቢ ዋጋው ወርዷል። ለእናንተ ግን የተበሳ የ1950ዎቹ 94 በርካሽ ማግኘት ጥሩ እድል ነው፣ ለፒፕ ሳይት ይሆናችኋል።

ደረጃ 5፦ ሱቁ ውስጥ በእጃችሁ

ያገለገለ ጠመንጃ በፎቶ አይገዛም፣ ወይም ከተገዛ መመለስ የሚቻልበት ቀን ይኑረው። ሻጩን አስፈቅዱ፣ ባዶ መሆኑን ራሳችሁ አረጋግጡ፣ ሌቨሩን ከፍታችሁ ጣታችሁን ጥይት የሚገባበት ጋ አስገቡ፣ ቱቦውንም እዩ፣ ሻጩ አይቶታል ብላችሁ አትለፉት።

ከብሎኖቹ ጀምሩ። የብሎኑ አናት ላይ ያለው ስንጥቅ ከተፈነቃቀለ አንድ ሰው በማይገጥም ካቻቪቴ ውስጡን ሲጎረጉር ነበር ማለት ነው፣ ምን ፈልጎ ነው ብላችሁ ጠይቁ። ከዛ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ትንሽ ባትሪ አብሩበት፣ ዳር ዳሩ እኩል ክብ መሆን አለበት፣ ወደ አንድ ወገን የተበላ ከሆነ ያ የጽዳት ዘንግ ነው የበላው። ሌቨሩን ከፍታችሁ ነጭ ወረቀት ሪሲቨሩ ውስጥ አስገቡና በአፈሙዙ በኩል እዩ፣ ወረቀቱ ብርሃኑን መልሶ ይልከዋል፣ ጠመዝማዛ መስመሮቹ ጥርት ብለው ከታዩ ደህና፣ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ከሞላው የተበላ ዝገት ነው፣ ያ አይጸዳም።

ሌቨሩን በዝግታ አንዴ፣ በጉልበት አንዴ አንቀሳቅሱት። ተዘግቶ ሳለ በጣም የሚንጓጓ ከሆነ አርጅቷል። ሀመሩን ግማሽ ላይ አቁሙና ምላጩን ቀስ ብላችሁ ጫን በሉት፣ መውደቅ የለበትም፣ ከወደቀ አስቀምጡትና ውጡ። ልምምድ የሚደረግባቸው የውሸት ጥይቶች ይዛችሁ ብትሄዱና ሻጩ ከፈቀደ አምስት ስድስት አጉርሳችሁ አቀባብሉት። ማርሊን ላይ በተለይ ይሄ ያስፈልጋል፣ ማርሊን ጃም የሚሉት የታወቀ ችግር አለ፣ ጥይቱን ከቱቦው ተቀብላ ወደ ላይ የምታነሳዋ ማንሻ ስሯ በሌቨሩ ጥርስ እየተፋቀ ትጎደጉዳለች፣ ስትጎደጉድ ጊዜዋን ትስታለች፣ ሁለተኛው ጥይት ከስሯ ይገባና ሁሉም ነገር ድርቅ ይላል። ሌቨሩን ከፍታችሁ ማንሻዋን ከስር እዩ፣ ጥልቅ ጭረት ካለ ዋጋው ላይ ተነጋገሩ፣ ጠጋኝ ያስተካክለዋል ግን ነጻ አይደለም።

ዋጋን በተመለከተ አዲሶቹ የሩገር ማርሊኖችና የጃፓን ዊንቸስተሮች ከ1000 ዶላር በላይ ናቸው፣ ቢ ኤል አርም እንደዛው። ላገለገለ ደግሞ ጋንብሮከር የሚባለው የጠመንጃ ጨረታ ድረ ገጽ ላይ ሻጭ የጠየቀውን ሳይሆን ተሸጦ ያለቀበትን ዋጋ አጣሩ፣ በመሃላቸው ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ያስቃል።

ደረጃ 6፦ ወረቀቱ

ከነጋዴ ስትገዙ ፎርም 4473 የሚባለውን የፌደራል የጠመንጃ መግዣ ወረቀት ትሞላላችሁ፣ መግዛት የተከለከላችሁ አለመሆናችሁ ማጣሪያ ይደረጋል። ኦንላይን ብትገዙም ጠመንጃው ቤታችሁ አይመጣም፣ ላይሰንስ ያለው ሱቅ ነው የሚላከው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። በቪዚተር ወይ በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው በመሰረቱ አይችልም፣ የአደን ላይሰንስን የመሰሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉ፣ ሌላ ዓይነት ወረቀት ላይ ከሆናችሁ መጀመሪያ ጠበቃ።

የኛ ሰው የሚቸገረው ስም ላይ ነው። መታወቂያችሁ ላይ እንዳለ ጻፉት፣ አያት የሌለበት ከሆነ የመሃል ስም ቦታውን ባዶ አትተዉት፣ ኤን ኤም ኤን (የመሃል ስም የለም ማለት ነው) ተብሎ ይሞላል። አድራሻ ከቀየራችሁና መታወቂያው ላይ የድሮው ካለ ነጋዴው የመንግስት ሌላ ማስረጃ ይጠይቃል። ስማችሁ ከሌላ ሰው ጋር እየተመሳሰለ ሁሌ የሚያዘገይባችሁ ከሆነ ከኤፍ ቢ አይ ዩፒን የሚባል ቁጥር ማውጣት ይቻላል። ኮሎራዶ 3 ቀን፣ ዋሽንግተን ስቴት 10 የስራ ቀን መጠበቅ ግዴታ ነው፣ አደኑ ቅዳሜ ሆኖ ሐሙስ ሱቅ አትሂዱ።

ሁለት ነገር ላይ ቀልድ የለም። ወረቀቱ የማያስገዛውን ወይ መሙላት የፈራውን ዘመድ ወክላችሁ፣ በሱ ብር፣ "ለራሴ ነው" ብላችሁ ፈርማችሁ አትግዙ፣ የፌደራል ወንጀል ነው፣ ግሪን ካርድ ላይ ያለ ሰው በመሳሪያ ወንጀል ከሀገር ሊባረር ይችላል። በራሳችሁ ገንዘብ ገዝታችሁ መያዝ ለሚችል ሰው በስጦታ መስጠት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለተኛ፣ ፎርሙ ስለ ተከለከሉ እጾች ይጠይቃል፣ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን እዚህ ሀገር ከተከለከሉት አንዱ ነው፣ ማሪዋናም ግዛታችሁ ቢፈቅድ ፎርሙ ፌደራል ነው። ወደ ሀገር ቤት መላክን የሚያስብ ካለ ደግሞ አያስብ፣ ከዚህ ያለ ፈቃድ ማውጣት ወንጀል ነው፣ እዛም የጦር መሳሪያ አዋጁ፣ አዋጅ 1177፣ ይጠብቃችኋል።

ደረጃ 7፦ ከገዛችሁ በኋላ

ካቢኔት ወይ ቁልፍ ከጠመንጃው ጋር በአንድ ቀን ይገዛ፣ ቤት ውስጥ ልጅ ኖረም አልኖረም። ከዛ ወደ መተኮሻ ሜዳ። ሌቨር አክሽን ጥይት ይመርጣል፣ አንዱ ማርሊን 150 ግሬን ወዶ 170ውን ይበትናል፣ ጎረቤቱ ተቃራኒው ነው፣ ስለዚህ ሁለት ሶስት ዓይነት አንድ አንድ ካርቶን ገዝታችሁ ከ50 ያርድ ጀምሩ፣ ቀጥሎ 100። ሶስት ተኩሳችሁ ጠብቁ፣ ባረሉ ቀጭን ስለሆነ ሲግል ጥይቱ ይንሸራተታል፣ አውሬው ላይ የምትተኩሱት ደግሞ የቀዘቀዘውን የመጀመሪያውን ነው። የወደደውን ካገኛችሁ ያንኑ በርከት አድርጋችሁ ግዙና ሌላ አትቀላቅሉ። ሌቨሩን ስታቀባብሉ አትለስልሱ፣ እስከ ጥግ አውርዳችሁ እስከ ጥግ መልሱ፣ አብዛኛው "ጠመንጃዬ ያንቃል" የሚለው ሰው ግማሽ መንገድ የሚያቆም ነው፣ ትከሻችሁ ላይ እንዳለ ሳታወርዱት መለማመድም ጥሩ ነው።

ጿሚ ለሆናችሁ ደግሞ፣ የኦሃዮ የጠመንጃ ሳምንት ከታንክስጊቪንግ ቀጥሎ ያለው ሰኞ ነው የሚጀምረው፣ ጾመ ነቢያት ህዳር 15 ገብቷል፣ ሌሎችም ግዛቶች ብዙ አይርቁም። ዲሩ ቢወድቅላችሁ እስከ ገና አይቀመስም፣ ስለዚህ ስኮፕ ላይ ከምትጨምሩት ብር ላይ ለፍሪዘር ቀነስ አድርጉ።